ዋስ ለሌላቸው ዋስ የሆነ ካህን

ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የድኻ ልጅ ሥራ ሲጠይቅ፣ ዋስ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። የምስክር ወረቀቱን ይዞ ዋስ በማጣት የሚመለስ ወጣት ስላለ፣ በዚህ እትማችን የቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮን ሕይወት ልናስታውስ ወደድን።

ዮሐንስ ቦስኮ እ.ኤ.አ. በ1815 በሰሜን ኢጣሊያ ቤኪ በምትባል መንደር ተወለደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ስለ ሞተ እናቱ ማርጋሪታ በችግር አሳደገችው። በልጅነቱ በሰው እርሻ ተቀጠረ፤ ልብስ ስፌትንም ተማረ፤ በኬሪ ከተማም በቡና ቤት እያገለገለ ትምህርቱን ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. በ1841 በቱሪን ማዕርገ ክህነትን ከተቀበለ በኋላ ወኅኒ ቤቶችን ሲጎበኝ ብዙ ወጣቶች ታስረው አየ። ከእስር ሲፈቱ የሚቀበላቸው ወዳጅ ስለሌላቸው ተመልሰው እንደሚገቡም ተረዳ። በዚያው ዓመት ባርቶሎሜዎ ጋሬሊ የተባለውን ወላጅ የሌለው ግንበኛ ልጅ ተቀብሎ ማስተማር ጀመረ። ከገጠር ለሥራ የመጡ ሌሎችም ተከተሉት፤ በቫልዶኮም መጠለያና የማታ ትምህርት አገኙ።

ይሁን እንጂ ፊደል መቁጠር ብቻ እንደማይበቃ ተገነዘበ። ስለዚህ ከ1851 ጀምሮ ከቀጣሪዎች ጋር በጽሑፍ ተዋዋለ። አሠሪው ሙያውን በሚገባ እንዲያስተምር፣ ደመወዙን በየሳምንቱ እንዲከፍል፣ በዓላትን እንዲያሳርፍ፣ ልጁን እንዳይመታና ከሙያው ውጭ ባለ ሥራ እንዳያሰማራው ግዴታ ያስገባው ነበር። እርሱም በበኩሉ ስለ ልጁ መልካም ጠባይ ኃላፊነት ይወስድ ነበር። በ1853 የጫማና የልብስ ስፌት፣ በኋላም የእንጨትና የኅትመት ሥራ ክፍሎችን በራሱ ቤት ከፈተ። ይህ አገልግሎት እንዲቀጥል በ1859 የሳሌዚያን ማኅበርን መሠረተ። በ1888 ዐረፈ፤ በ1934ም ቅድስናው ታወጀ።

ልጆቹ ሳሌዚያውያን በአገራችንም በመቐለ፣ በአዲግራትና በዝዋይ ወጣቶችን ሙያ አስተምረዋል። እኛ ሁላችን የሙያ ትምህርት ቤት ልንከፍት አንችልም። ነገር ግን ከደጋው የመጣ ወጣት በደጃችን ሲቆም፣ ጠባዩን የሚያውቅ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ሊመሰክርለት፣ ሙያ ያለው ምእመን ሊያስለምደው፣ ደመወዝተኛውም ዋስ ሊሆነው ይችላል። የቅዱሱ ሥራ የተጀመረው ከአንድ ልጅ ነውና፣ እኛም ከአንድ እንጀምር።