ሮናልድ ፊሸር

ሰር ሮናልድ ፊሸር (እ.ኤ.አ. 1890 – 1962) እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስና የጄኔቲክስ ሊቅ ነበር። የሰው ልጆችን የዘር ልዩነት በቁጥር ለመለካት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች ብዙዎቹ ከእሱ ሥራ የመነጩ ናቸው።

የተወለደው ለንደን ነው። ዓይኑ ደካማ ስለነበር በመብራት እንዳያነብ ተከልክሎ፣ ማታ ማታ ሒሳብ የተማረው ያለ ወረቀትና እርሳስ ነበር። ጽሑፎቹ መሃሉን እየዘለሉ ለአንባቢ የሚከብዱትም ሁሉን በአእምሮው መሳል ስለለመደ ሳይሆን አይቀርም።

በ1918 እንደ ቁመት ያለ ባሕርይ ከብዙ ጂኖች ድምር ሊመጣ እንደሚችል በሒሳብ አሳየ፤ «ቫሪያንስ» የሚለውንም ቃል በዚሁ ጥናት አስተዋወቀ። ቫሪያንስ ሰዎች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ ይለካል። ትልቁ ጥቅሙ መከፋፈሉ ነው፤ ይህን ያህሉ ከዘር፣ ይህን ያህሉ ከአካባቢ የመጣ ነው ለማለት ያስችላል።

ከ1919 ጀምሮ በሮታምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሠራ። አንዱ ዝርያ ከሌላው የበለጠው በራሱ ይሁን በመሬቱ ለምነት ለመለየት፣ ዝርያዎቹ በዕጣ ተደልድለው በተለያየ መደብ እንዲደጋገሙ አደረገ። ይህ ሥርዓት ጅማም ደርሷል። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ በኋላ፣ በመልኮ ያለው የጅማ ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን መርጦ እንደ 74110 ያሉ ዝርያዎችን አወጣ። በመልኮም ሆነ በአጋሮና በጌራ የቡና ሙከራ የሚደለደለው በዚሁ በዕጣ ነው።

በ1933 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የዩጀኒክስ፣ ማለትም የሰውን ዘር በምርጫ እናሻሽል የሚለው ትምህርት፣ ፕሮፌሰር ሆነ። የአርኤች የደም ዓይነትን አወራረስ በማብራራት ቢመሰገንም፣ ይህን ትምህርት ዕድሜ ልኩን ደግፏል። ዩኔስኮ ስለ ዘር ያወጣውን መግለጫም ተቃውሞ፣ ሕዝቦች በተፈጥሮ የአእምሮ ችሎታቸው ይለያያሉ ብሏል።

ልዩነትን የመከፋፈሉ ሐሳብ ግን በኋላ ሌላ ነገር አሳየ። ፊሸር በአውስትራሊያ ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ፣ ሪቻርድ ሌዎንቲን ከሰው ልጆች የዘር ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል መሆኑን አሰላ። በካምብሪጅ የተማረበት ኮሌጅ ለክብሩ የተሠራውን የመስኮት መስታወት በ2020 አነሣ። በማግሥቱ ዓመት ፊሸር ካስተማረበት የለንደን ኮሌጅ የተመራ ጥናት የ68 ብሔረሰቦች ተወላጅ የሆኑ 1,214 ኢትዮጵያውያንን የዘር መረጃ መርምሮ፣ የርቀትን፣ የከፍታን፣ የቋንቋንና የባህልን ድርሻ ለይቶ ለካ።