ሞቶር አድማጩ ኮሎኔል

በካፋ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሺሺንዳ፣ በገበያ ቀን ማለዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው የወፍጮ ቤቱ ሞቶር ነው። ባለወፍጮው መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ጆሮውን ያዘነብላል፤ ድምፁ የተዛባ እንደ ሆነም ገበያተኛው እህሉን እንደ ተሸከመ ይቆማል። ይህን ስናይ፣ ሞቶር በማድመጥ ኑሯቸውን ጀምረው ለአገራችን አየር ኃይል አዛዥ እስከ መሆን የደረሱት ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ትዝ አሉን። የዛሬውን እሑድም ለእርሳቸው ልንሰጥ ወደድን።

ሮቢንሰን የተወለዱት በአሜሪካ በፍሎሪዳ፣ ያደጉት ደግሞ በሚሲሲፒ በገልፍፖርት ከተማ ነው። ዘመኑ የአይሮፕላን ሕፃንነት ዘመን ነበረ። ራይት የተባሉት ወንድማማቾች ታኅሣሥ 7 ቀን 1896 ዓ.ም. ሲበርሩ፣ መካኒካቸው ቻርሊ ቴይለር በስድስት ሳምንት ያህል የሠራው ሞቶር ኃይሉ 12 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ክብደቱ እንዲቀንስ አካሉ በአሉሚኒየም ተሠራ፤ ቤንዚኑም ያለ ፓምፕ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ከአየር ጋራ ይቀላቀል ነበር። ያን ጊዜ ጠቢባንን ያስጨነቀው ክንፍ ብቻ አልነበረም፤ ቀላል ሆኖ ብርቱ የሆነ ሞቶር ማግኘትም ነበረ እንጂ።

ሮቢንሰን በታወቀው የጥቁሮች ትምህርት ቤት በተስኪጊ የአውቶሞቢል መካኒክነት ተምረው ወደ ሺካጎ ሄዱ። በዚያ የነበረው የከርቲስ ራይት የበረራ ትምህርት ቤት ግን ስለ ቆዳቸው ቀለም አልቀበልም አላቸው። እርሳቸውም በዚያው ቤት ጠራጊ ሆነው ተቀጠሩ። መጥረጊያቸውን ይዘው መምህሩ ስለ ሞቶር ሲያስረዳ እያደመጡ፣ ክፍሉን ቀስ ብለው ይጠርጉ ነበር። ክፍሉ ሳይጸዳ ቀርቶ ይሆን? እኛ እንጃ! በኋላ ከባልንጀራቸው ከኮርኒሊየስ ኮፊ ጋራ ለአንዲት ትንሽ አይሮፕላን የሞቶር ሳይክል ሞቶር ገጥመው አበረሩ። በሩም ተከፈተላቸው፤ ተመርቀው ለጥቁር ወጣቶች መምህር እስከ መሆን ደረሱ።

በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ ሲያንዣብብ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን አግባቡዋቸውና ወደ ኢትዮጵያ መጡ። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ስለ ነበረ፣ ሮቢንሰን ሲደርሱ አየር ኃይሉ ገና ስድስት ዓመት አልሞላውም። አይሮፕላኖቹም አሥራ ሁለት ገደማ ቢሆኑ ነው፤ ያውም አብዛኞቹ መሣሪያ የሌላቸው።

እዚህ ላይ ስለ ሞቶር አንድ ነገር ማስረዳት ይገባናል። ሞቶር ከቤንዚኑ ጋራ የሚያቃጥለው አየር ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአምስት አንድ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያን ዘመን ሞቶር ጉልበቱ እዚያው መሬት ላይ ሳለ ይቀንሳል፤ ለመነሣትም ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። በውሃ የሚቀዘቅዝ እንደ ሆነ ደግሞ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ ይፈላል። መለዋወጫ በማይገኝበት ጊዜ ይህን ሁሉ በጆሮና በእጅ መጠበቅ የሮቢንሰን ዕለታዊ ሥራ ሆነ። በዚያው ጊዜ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋራ አዲስ አበባ ላይ «ፀሐይ» የተባለችውን አይሮፕላን ሠርቷል፤ እርሷም ከብዙ ዘመን በኋላ ከኢጣልያ በ2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች።

ጠላት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋን በቦምብ ሲደበድብ ሮቢንሰን እዚያው ነበሩ። በመቶ የሚቆጠሩ የጠላት አይሮፕላኖች ሰማዩን በያዙበት ወራት ባልታጠቁ አይሮፕላኖች መልእክትና መድኃኒት አመላለሱ። ጀግንነት ማለት መትረየስ መተኮስ ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ቢያስብ ደግ ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ግድም ወደ አሜሪካ ተመለሱ።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. ዳግመኛ መጥተው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን ማሠልጠን ጀመሩ። ባልታጠቀ አይሮፕላን ጦርነቱን ያለፉት ሰው በሰላሙ ዘመን፣ በመጋቢት 1946 ዓ.ም.፣ ለሕሙም ደም ለማድረስ ሲበርሩ በአደጋ ወድቀው ክፉኛ ተጎዱ። ሁለት ሳምንት ያህል ከታከሙ በኋላ መጋቢት 18 ቀን አረፉ። የተቀበሩትም በአዲስ አበባ፣ በጉለሌ ነው።