ተሰጥኦን ማሰባሰብና ማቆየት፦ ይድነቃቸው ተሰማ በአፍሪካ እግር ኳስ ታሪክ

የአንድ ቡድን ብርታት የሚለካው በገንዘቡና በሜዳው ብቻ ሳይሆን ብቁ ተጫዋቾችን ከየት አግኝቶ እንዴት እንደሚያቆያቸው ጭምር ነው። ይህን ጥያቄ በተጫዋችነት፣ በአሠልጣኝነትና በመሪነት ከይድነቃቸው ተሰማ ይበልጥ የተጋፈጠ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ያዳግታል። ይህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን ከዚሁ ጥያቄ አንጻር ይቃኛል።

ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑት ባለቅኔው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በአዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የተማሩት ይድነቃቸው፣ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ገና በጉርምስናቸው ተቀላቅለው ለ23 ዓመታት ያህል ተጫወቱ። ክለቡ በተቋቋመ በጥቂት ወራት ውስጥ አዲስ አበባ በፋሺስት ኢጣልያ እጅ ወደቀች፤ የወረራው አስተዳደርም ስፖርትን ሳይቀር በዘር ከፋፈለ። የይድነቃቸው የኋለኛ ዘመን አቋም ከዚህ ልምድ ተነጥሎ ሊታይ አይገባም።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር መሥራች ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጪ ሆነች። ይድነቃቸው በዚህ ጉዳይ የያዙትን ጽኑ አቋም እስከ መጨረሻው አልለወጡም፤ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አገሪቱን በ1968 ዓ.ም. እስኪያባርርም በትግሉ ግንባር ቀደም ነበሩ።

የኢትዮጵያ ቡድን ግን ገና ከታላላቆቹ ተርታ አልደረሰም ነበር። በ1949 ዓ.ም. በፍጻሜው፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ካይሮ ላይ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። በጥር 1954 ዓ.ም. ዋንጫው በአዲስ አበባ ሲካሄድ ይድነቃቸው በአሠልጣኝነት የመሩት ቡድን የተሰባሰበው ከአንድ አካባቢ አልነበረም። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ከአስመራ የመጡ ሲሆን፣ መንግሥቱ ወርቁ የጎንደር ተወላጅና የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ነበር። ቡድኑ በፍጻሜው ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነሥቶ አቻ ከሆነ በኋላ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈ። ድሉ ከየማእዘኑ የተሰበሰበ ተሰጥኦ ፍሬ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ ችግሩ መልኩን ቀየረ። የአውሮፓ ክለቦች የአህጉሪቱን ምርጥ ተጫዋቾች መመልመላቸው እየበረታ ሄደ። ኮንፌዴሬሽኑ ቀደም ሲል ለአፍሪካ ዋንጫ አንድ ቡድን በውጭ አገር ከሚጫወቱት ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ የሚገድብ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ይህም እስከ 1974 ዓ.ም. ጸንቶ ቆየ። ይድነቃቸው በመጨረሻ ዘመናቸው ያቀረቡት መከራከሪያ ግልጽ ነበር፦ አፍሪካ ተጫዋቾቿን በአገር አቆይታ ወደ ዓለም ከፍተኛ ደረጃ መውጣትን ልትመኝ ትችላለች፤ አለዚያ ለባለጸጎች ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆና ትቀራለች።

ክርክሩ ግን የማይመልሰው ጥያቄ ነበረው። የተጫዋች የሙያ ዕድሜ አጭር ነው፤ የአገር ቤት ክለቦችም ከአውሮፓ ጋር የሚስተካከል ደመወዝ መክፈል አይችሉም ነበር። ተጫዋቹን ማስቀረት የሚቻለው ክለቡን በማጎልበት እንጂ በደንብ ብቻ አለመሆኑን የገደቡ መነሣት ራሱ ያመለክታል። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በፕሬዚዳንትነት ላይ እንዳሉ ሲያርፉ ፍልሰቱ አልቆመም ነበር።

ኢትዮጵያ ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው ከ31 ዓመታት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም. ነው። ይህን የረጅም ጊዜ መቅረት ወደ ውጭ በሚሄዱ ተጫዋቾች ማብራራት አይቻልም፤ በእነዚያ ዓመታት ለአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች የተጫወቱ ኢትዮጵያውያን እጅግ ጥቂት ነበሩና። ስለዚህ ትኩረቱ ወደ ምልመላው መነሻ መዞር ይኖርበታል። የፕሪሚየር ሊግ ክለብ በሌላቸው በቢቸናና በሞጣ የሚያድግ ባለተሰጥኦ ታዳጊ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ካልተጓዘ በመልማይ ዓይን የመግባት ዕድሉ ጠባብ ነው። የ1954 ዓ.ም. ቡድን ከአስመራ እስከ ጎንደር የተዘረጋ ሲሆን፣ የዛሬው ጥናት ምልመላ እስከ ምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች እንዴት ሊደርስ እንደሚችል መመርመር ይጠበቅበታል።