ካውንት ፎን ሮዘን፤ በአቅም ልክ መብረርን ያስተማሩ ሰው

ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ዳገት ወጥቶ በእንጦጦ ተራራ ጀርባ ላይ የቆመ ሰው፥ አዲስ አበባን ከእግሩ ሥር ተዘርግታ ያያታል። ከተማይቱ ራሷ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፥ ተራራው ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የአይሮፕላን ክንፍ የሚያነሣው ሸክም ይቀንሳል፤ የሞተሩም ጉልበት ይደክማል። ስለዚህ ለኢትዮጵያ የጦር አይሮፕላን የሚመርጥ ሰው፥ ከዋጋው አስቀድሞ ይህን ተራራ መመልከት ነበረበት። ይህንን ጠንቅቀው ካወቁት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ናቸው።

ካውንት ፎን ሮዘን ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም. በስዊድን አገር ከመኳንንት ቤተ ሰብ ተወለዱ። የእናታቸው እኅት የናዚው ሹም የኸርማን ጎሪንግ ሚስት ነበሩ። እሳቸው ግን በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ የቀይ መስቀል አብራሪ ሆነው መጡ፤ ሐኪምና መድኃኒትም ወደ ጦር ሜዳ አመላለሱ። በመጋቢት ወር የቀይ መስቀሉ አይሮፕላን በኮረም ሜዳ እንደ ቆመ በጠላት ቦምብ ተቃጠለ። አየር ኃይል የሌለው ሕዝብ ምን እንደሚደርስበት ካውንቱ በዓይናቸው አዩ።

በ1932 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን በወጋች ጊዜ ደግሞ፥ ለመንገደኞች የተሠራ አንድ ዳግላስ አይሮፕላን ወደ ቦምብ ጣይነት ተለውጦ በእሳቸው አብራሪነት ዘመተ። ያልታሰበውን መሣሪያ ለጭንቅ ቀን ማዋል ከዚያ ጀምሮ መታወቂያቸው ሆነ።

ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት አየር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ሲያስብ ስዊድናውያንን ጠራ፤ ካውንቱም እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ አሥር ዓመት ያህል በኃላፊነት አገለገሉ። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ሳፊር በተባለች ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አይሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥተው፥ በመንገድ ሳያርፉ 6,200 ኪሎ ሜትር ያህል በ31 ሰዓት ገደማ በርረው አዲስ አበባ ገቡ። ሳፊርም በቢሾፍቱ ለተማሪዎች ማሠልጠኛ ሆነች።

በዚያን ዘመን የጄት አይሮፕላን በገበያ ላይ ነበር፤ ስዊድን ራሷ ከእንግሊዝ ቫምፓየር የተባሉትን ትገዛ ነበር። ኢትዮጵያ ግን የመረጠችው ሳዓብ 17 የተባለውን ባለ ፕሮፔለር ቦምብ ጣይ ነው። ለኢትዮጵያ የተሸጠው ዓይነት ሞተሩ የአሜሪካኑ ትዊን ዋስፕ ቅጂ ሲሆን፥ ይኸውም የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ በጀመረባቸው ዳግላስ አይሮፕላኖች ላይ ካለው ሞተር ጋር አንድ ቤተ ሰብ ነው። ፍጥነቱ ከጄት ያንሳል፤ ነገር ግን አገሪቱ ልትከፍለው፥ ልጆቿም ሊጠግኑት የሚችሉት ነበር። አንዳንዶቹም እስከ 1960 ዓ.ም. ገደማ አገልግለዋል።

ጄት የመጣው መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኤፍ 86 ሴበር ከአሜሪካ ተገኘ፤ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች በዚሁ አይሮፕላን ለተባበሩት መንግሥታት ወደ ኮንጎ ዘመቱ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ኤፍ 5 ተከተለ፤ ይህም አሜሪካ ገንዘባቸው ለተመጠነ ወዳጆቿ ብላ ያዘጋጀችው፥ ቀላልና ዋጋው የማይከብድ ጄት ነበር።

ካውንቱ በስተርጅናም አላረፉም። ግንቦት 14 ቀን 1961 ዓ.ም. በቢያፍራ፥ ሮኬት በተጠመደባቸው አምስት ትንንሽ አይሮፕላኖች የናይጄሪያን የአየር ሜዳ ደበደቡ። ስለዚህ ሥራቸው ያመሰገናቸውም የነቀፋቸውም አለ፤ ቢያፍራም ከመሸነፍ አልዳነችም። ብልሃት የጎደለውን ገንዘብ በጥቂቱ ይተካ እንደ ሆነ ነው እንጂ፥ ጦርነትን ብቻውን አያሸንፍም።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ፥ መኪና በማይደርስበት ስፍራ ለተራቡት ኢትዮጵያውያን ከትንንሽ አይሮፕላን ላይ እህል መጣል ጀመሩ። በዚሁ የርዳታ ሥራ ላይ ሳሉ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ተገደሉ። ዕድሜያቸው 67 ዓመት ነበር፤ የተቀበሩትም በአዲስ አበባ ነው።

ከሞታቸው በኋላ ብዙም ሳይቆይ፥ የኢትዮጵያ ኤፍ 5 አይሮፕላኖች በኦጋዴን ሰማይ ላይ ከእነሱ ይፈጥናል የሚባለውን ሚግ 21 ድል ነሡት። ድሉ የአይሮፕላኑ ብቻ አልነበረም፤ በትንሿ ሳፊር ተጀምሮ በየዓመቱ የተገነባው የሥልጠና ፍሬ ነው።

ዛሬ በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ የግዥ ወረቀት የሚመረምር ወጣት ሹም ከዚህ ሕይወት የሚማረው አለ። የዕቃው ዋጋ በደረሰኙ ላይ አያልቅም፤ መለዋወጫው፥ ጠጋኙ፥ ነጂውና የሚነሣበት ሜዳ ሁሉ ዋጋ ነው። ይህን ሳይቈጥር የገዛ፥ ለሰልፍ ቀን የሚያምር፥ ለጭንቅ ቀን ግን ከመጋዘን የማይወጣ ንብረት ለአገሩ ያተርፋል።