አቡነ ያዕቆብና ፈቃደ እግዚአብሔር

በእኛ ዘንድ አቡነ ያዕቆብ የሚባሉት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1800 ዓ.ም. በደቡብ ኢጣልያ፣ ሳን ፌሌ በተባለች መንደር ተወለዱ። የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር ካህን ሆነው ካገለገሉ በኋላ በ1839 ዓ.ም. ዐድዋ ገቡ።

በ1841 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያ ፓትርያርክ ጳጳስ ሊያመጡ የሚሄዱትን መልእክተኞች አጅበው ወደ ግብፅ እንዲወርዱ ጠየቋቸው። ለአንድ ካቶሊካዊ ካህን ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም፤ ሆኖም ሄዱ። በዚያ ጉዞ የመጡት አቡነ ሰላማ ኋላ ጽኑ ተቃዋሚያቸው ሆኑ። በዚያው ጉዞ ግን ከሊቁ ከአባ ገብረ ሚካኤል ጋር ተቀራረቡ፤ መራራውም ጣፋጩም በአንድ መንገድ መጣ።

ማዕርገ ጵጵስናን ለመቀበል ብዙ ጊዜ እምቢ ብለው ነበር። በመጨረሻ፣ በ1849 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ምጽዋ ላይ በአቡነ ማስያስ እጅ ተሾሙ፤ ሥርዐቱም ከጠላት ዐይን ተሰውሮ በሌሊት ተፈጸመ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህችን ሌሊት ለልጆች ቢተርኩላቸው መልካም ነው፤ ታላቅ ሹመት ያለ እልልታና ያለ ሕዝብ!

በ1854 ዓ.ም. በጎንደር ለወራት ታሰሩ፣ ከዚያም ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 ዓ.ም. በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ሲሞቱ እርሳቸው በአጠገባቸው አልነበሩም። ሥራቸውን ግን አልተዉም፤ በባሕሩ ዳርና በአካለ ጉዛይ የቀሩትን ምእመናን እየዞሩ ይጠብቁ ነበር።

ጁላይ 31 ቀን 1860 ዓ.ም. በጽኑ ሕመም ተይዘው ወደ ሐላይ ደጋ ሲወጡ፣ በአሊጌዴ ሸለቆ፣ መንገድ ዳር፣ በደቀ መዛሙርታቸው መካከል ዐረፉ። ልጆቻቸውም አስከሬናቸውን ተሸክመው ሄቦ ቀበሯቸው።