ፖል ላውተርበር እና ያልተፈለቀቀው ቅርፊት

በሉማሜ አካባቢ ላም የሚያረባ ገበሬ ላሚቱ ማርገዝ አለማርገዟን ለማወቅ ቢሻ የእንስሳት ሐኪም ማሕፀኗን ዳስሶ ያረጋግጥለታል፤ ላሚቱም ወደ መስኳ ትመለሳለች። በባሕር ዳርቻ አገሮች ኦይስተር የሚባለውን፣ ከቀንድ አውጣ ጋር የሚዛመደውን ባለ ሁለት ክፍል ቅርፊት እንስሳ የሚያረቡ ሰዎች ግን ይህን ዕድል ለረጅም ዘመን አላገኙም። ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ በመጀመሪያ ወንድ ሆነው ቆይተው ኋላ ሴት ይሆናሉ። ለዘር መድረሱን ለማወቅ ቅርፊቱን መፈልቀቅ ያሻል፤ የተፈለቀቀውም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። እንግዲህ ለዘር የታሰበው እንስሳ በምርመራው ይጠፋል ማለት ነው። ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆነውን መንገድ የከፈቱት ስለ ኦይስተር ሳይሆን ስለ አይጥ ሲያስቡ የነበሩ አንድ የኬሚስትሪ ሊቅ ናቸው።

ፖል ላውተርበር እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ሲድኒ በተባለች ከተማ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው በቤታቸው ምድር ቤት የራሳቸውን ቤተ ሙከራ አቋቁመው ነበር። በ1962 ከፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀብለው በተከታዩ ዓመት በስቶኒ ብሩክ ማስተማር ጀመሩ።

በ1971 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. አንድ ሙከራ ተመለከቱ። አይጦች ተገድለው ሥጋቸው እየተቆረጠ በማግኔት መሣሪያ ይመረመር ነበር፤ የታመመው ሥጋ ከጤነኛው የተለየ ምልክት ይሰጣል። ላውተርበርን ያሳሰባቸው ይህንኑ ምልክት ከሕያው አካል፣ ያለ ቢላዋ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ነው። በውሃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን በማግኔት መካከል ሲሆን ለሬዲዮ ሞገድ መልስ ይሰጣል፤ የማግኔቱ ኃይል በሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ ግን መልሱ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። ሌሎች እንደ ጉድለት የሚቆጥሩትን የኃይል መበላለጥ እርሳቸው ሆነ ብለው ፈጠሩት። ኃይሉ ከቦታ ቦታ ሲለያይ መልሱም ይለያያል፤ ስለዚህ ቦታው ይታወቃል። አሳቡ የመጣላቸው በአንድ ምግብ ቤት ሳሉ በመሆኑ ደብተር ገዝተው ወዲያው ጻፉት። ስሙንም ዜውግማቶግራፊ አሉት፤ በሬ በቀንበር ከመጥመድ ጋር ከሚዛመድ የግሪክ ቃል የወጣ ነው። ለጎጃም አራሽ የማይከብድ ስም ነበር፤ ዓለም ግን ኤም አር አይን መረጠ።

ኔቸር የተባለው መጽሔት ጽሑፋቸውን በመጀመሪያ መለሰባቸው፤ ተከራክረው በመጋቢት 1973 ታተመ። ዩኒቨርሲቲያቸውም የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ ገንዘብ ማውጣቱን አልፈቀደም፤ ይህ ውሳኔ ምን ያህል እንዳስከፈለው ለመገመት አያዳግትም። ሥዕል ካነሡባቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ልጃቸው ከባሕር ዳር የለቀመችው፣ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቅርፊት እንስሳ ነበር። የኦይስተር ዘመድ የሆነው ይህ ፍጥረት ቅርፊቱ ሳይነካ ውስጡ ታየ።

በ1985 ወደ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። በ2003 ከእንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ ጋር የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ፣ የአይጦቹን ሥጋ ጥናት የጀመሩት ሬይመንድ ዳማዲያን ተዘለልሁ ብለው በጋዜጣ ማስታወቂያ ተቃወሙ። ላውተርበር በክርክሩ ብዙ አልገቡም። መጋቢት 27 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. በኩላሊት ሕመም በ77 ዓመታቸው አረፉ።

በእነዚያው ዓመታት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሕያው ኦይስተሮችን በኤም አር አይ መርምረው የዘር አካላቸውን መጠንና ጾታቸውን ለዩ። መሣሪያው ውድ በመሆኑ ገና በተራው አርቢ ደጅ አልደረሰም፤ የተመረመሩት ኦይስተሮች ግን ቅርፊታቸው እንደ ተዘጋ ወደ ውሃቸው ሊመለሱ ችለዋል።