ስማቸውን ከአያታቸው የሰሙት ሐኪም

ስማችሁን ማን አወጣላችሁ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ብዙዎቻችን አንቸገርም። እናት፣ አባት፣ አያት ወይ የክርስትና አባት፣ አንዱ አውጥቶልናል። ለምን እንደወጣልንም ቡና እየተፈላ ደጋግመን ሰምተነዋል። ዛሬ የማስታውሳችሁ ሰው ግን እናትና አባታቸው በምን ስም ይጠሯቸው እንደነበር ያወቁት ሠላሳዎቹን አጋምሰው ነው። የነገሯቸውም አያታቸው ናቸው።

ሰውየው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ይባላሉ። የታሪክ መጻሕፍት በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ይሏቸዋል። የትምህርት ቤት ኃላፊ፣ አገረ ገዥ፣ ለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛም ነበሩ። ይሄ ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ማዕረግ ይልቅ ስለ ቤተሰባቸው ላወራችሁ ነው። ቤተሰቡን ገና በሕፃንነቱ ያጣ ሰው ቤተሰብን እንዴት እንደሚያይ ከእሳቸው ሕይወት የሚማሩት ብዙ ነገር አለ።

የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. ጎንደር ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ሕፃኑ ገና ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ቢሆነው ነው። በዚያ ግርግር ከወላጆቹ ተነጠለ። ተኩስ፣ ጭስ፣ የሚሸሽ ሰው፣ ከየአቅጣጫው ጩኸት፤ በዚህ መሃል እጁን የሚይዘው ሰው ያጣ ልጅ አስቡ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን አነሳውና ጦሩ ሲመለስ ይዞት ወደ ሕንድ ሄደ።

መከራው በዚህ አላበቃም። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ቻምበርሌንም ሞተ። ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ አሳዳጊ አልባ ሆነ ማለት ነው። ያኔ ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርት ቤቱን ወጪ ሸፈነለት። ልጁም ቻርልስ ማርቲን ተብሎ በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤቶች ተማረ። ስሙም፣ ቋንቋውም፣ ልብሱም የሰው ሆነ። አማርኛው ከአፉ ጠፋ።

ጭንቅላቱ ግን ክፍት ነበር። ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለችው ላሆር ሕክምና ተምሮ በ1874 ዓ.ም. ተመረቀ። ቆይቶም ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን አጠናከረ። ከዚያ የዛሬዋ ሚያንማር፣ የያኔዋ በርማ ውስጥ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኖ ሠራ። ደመወዝ አለው፣ ክብር አለው፣ ቤት አለው። ምን ጎደለው ትሉ ይሆናል። የጎደለው ከየት ቤተሰብ እንደመጣ የሚነግረው ሰው ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የሆነውን ዓለም ሁሉ ሰማ። በርማ ያለው ሐኪምም ሰማ። ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ አገሩ ላይ ነበር። በ1892 ዓ.ም. ግድም በራሳቸው ወጪ አዲስ አበባ ደረሱ። (ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው።) ድንኳን ተክለው ሕመምተኛውን በነፃ ማከም ያዙ። መልኩ ሐበሻ፣ ቋንቋው ፈረንጅ የሆነ ሐኪም መጥቷል የሚለው ወሬ በከተማው ለመዳረስ ጊዜ አልወሰደበትም። የዘመኑ ቲክቶክ የሰው አፍ ነበር፤ አንዳንዴ ከኢንተርኔትም ይፈጥናል!

ወሬው አንዲት አሮጊት ጆሮ ደረሰ። የልጅ ልጃቸው መቅደላ ላይ ከጠፋ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሮጊቷ ግን ሞቷል ብለው ቁርጣቸውን አላወቁም ነበር። መጡና አዩት። በልጅነቱ አካሉ ላይ የቀሩትን ጠባሳዎች ያውቁ ነበርና በእነሱ ለዩት። ስምህ ወርቅነህ ነው፣ የእሸቴ ልጅ ነህ ብለው ነገሩት። ኤድንብራ የደረሰው የተማረ ሰው ስለራሱ ያላወቀውን ነገር አያቱ ሠላሳ ሁለት ዓመት በልባቸው ይዘው ቆይተውለታል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ያን ጊዜ ፎቶ የለም፣ የልደት ካርድ የለም፣ የዲኤንኤ ምርመራ የለም። የነበረው የአንዲት አያት ትዝታ ብቻ ነው። ቤተሰብ ማለት አንዱ ትርጉሙ ይህ ይመስለኛል፦ እኛ እንኳን የማናስታውሰውን እኛን የሚያስታውስልን ሰው።

ሐኪም ወርቅነህ ከዚያ በኋላ ወደ በርማ ሥራቸው ቢመለሱም ልባቸው አዲስ አበባ ቀረ። በ1900 ዓ.ም. ግድም የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ተመልሰው መጡ፤ ታመው የነበሩትን አፄ ምኒልክንም አክመዋል። በ1911 ዓ.ም. ገደማ የበርማውን ሥራ ጨርሰው ጠቅልለው ገቡ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። ብቻውን የቀረው ሕፃን በተራው የትልቅ ቤት አባወራ ሆነ።

ልጆቻቸው እንዲማሩ አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። ወንዱንም ሴቱንም። እሳቸውን ከወላጅ አልባነት ያወጣቸው ትምህርት ነውና ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም። ለልጆቻቸው የተመኙትን ደግሞ ለሌላውም ልጅ ተመኙ። ሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ስድስት ኪሎ አካባቢ ሲከፈት ኃላፊ ሆነው ሠሩ። ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆች የሚማሩበት ቦታ እንዲኖራቸውም ደክመዋል። ከእናቱ እቅፍ ተነጥቆ ባዕድ ቤት ያደገ ልጅ ምን እንደሚሰማው ለእሳቸው ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር።

ሥራቸው ብዙ ነው። ፍልውሃን አስተዳድረዋል። ዳኛም ሆነው ሠርተዋል። በ1920 ዓ.ም. መግቢያ አሜሪካ ሄደው ስለ ጣና ግድብ ከአንድ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋግረዋል፤ በዚያው ጉዞ ሐርለም ውስጥ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋብዘዋል። ቀጥሎም የጨርጨር አገረ ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪ ላይ፣ በዛሬዋ ጭሮ ማለት ነው፣ ዘመናዊ አስተዳደር ለማቋቋም ለፉ። ይህን ሁሉ እየሠሩ ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። የልጅነቱ ታሪክ የጠፋበት ሰው የቀረውን ዕድሜውን መዝግቦ ቢያስቀምጥ ምን ይገርማል?

በ1927 ዓ.ም. ለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ብዙም ሳይቆይ ኢጣልያ ወረረችን። ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል። ያሳደጋቸውን የእንግሊዝ ሕዝብ ለወለደቻቸው አገር እርዳታ ጠየቁ። ገንዘብ አሰባሰቡ፣ ተናገሩ፣ ደብዳቤ ጻፉ። ከሲልቪያ ፓንክረስትና ከሌሎች የኢትዮጵያ ወዳጆች ጋር ሠሩ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ግን አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች።

ሁለት ልጆቻቸው፣ ዮሴፍና ቤንጃሚን፣ እንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። ከእናንተ መካከል የብዙዎቻችሁ እኩያ ናቸው በሏቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ የተማረ ወጣት በጣት የሚቆጠር ነበር። ሁለቱም ወደ ምዕራብ ሄደው ከጥቁር አንበሶች ጋር ተሰለፉ። ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ለመስጠት ሲገደዱ ወንድማማቾቹም አብረው ተያዙ። ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 12፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ። ፋሺስቱ አዲስ አበባን በደም አጠባት። የተማረ ወጣት እየተለቀመ ተገደለ። ዮሴፍና ቤንጃሚንም ከተገደሉት መካከል ነበሩ።

አባትየው ይህን መርዶ በስደት ላይ ሆነው ተቀበሉ። መቅደላ ላይ ሕፃን ሆነው ወላጆቻቸውን ያሳጣቸው ጦርነት ነው። በሽምግልናቸው ልጆቻቸውን የነጠቃቸውም ጦርነት ነው። ሬሳ አልቀበሩም፣ ለቅሶ አልተቀመጡም፣ አገራቸው ገብተው እንኳ ማልቀስ አልቻሉም። የአንድ ሰው ልብ ይህን እንዴት ይችለዋል? ደግነቱ እኛ መልሱን የምናውቀው ከኖሩት ኑሮ ነው። ባዕድ አገር ተመችቷቸው አልቀሩም። ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ የሰማንያ ዓመት አፋፍ ላይ ሆነው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የመጨረሻ አሥር ዓመታቸውን በአገራቸው ኖሩ። መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሲያርፉ ልጆችና የልጅ ልጆች የሚያስታውሷቸው አያት ነበሩ።

ስድስት ኪሎን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በታክሲ ታልፉበታላችሁ፣ የካቲት 12 ሐውልት ሥር ፎቶ ትነሳላችሁ። ሐኪም ወርቅነህ የመሩት ትምህርት ቤትም፣ ዛሬ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ የሚባለው፣ ከዚያ ሩቅ አይደለም። አንድ አባት የሰው ልጆችን ያስተማረበት ግቢና የገዛ ልጆቹን ጨምሮ ሰማዕታቱ የሚታሰቡበት ሐውልት በእግር የሚደረስ ርቀት ላይ ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ በዚያ ስታልፉ ዮሴፍንና ቤንጃሚንን በስማቸው አስቧቸው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አያት ያላችሁ፣ ዛሬ ደውሉላቸው። የአባታቸውን አባት ስም፣ ያደጉበትን መንደር፣ እናንተ ሕፃን ሳላችሁ ምን እንደሆናችሁ ጠይቋቸው። ፈቃዳቸው ከሆነም በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። ሐኪም ወርቅነህ ማን እንደሆኑ ለመስማት ውቅያኖስ አቋርጠው መምጣት ነበረባቸው፤ ደግነቱ አያታቸው በሕይወት ቆይተው ጠበቋቸው። የእናንተም ገና አሉ።